የሰርጉ ድስትና አባቱ ያልታወቀው ዘንግ

በቱኒዚያዋ መህዲያ ከተማ ከዓሣ ወደቡ ኋላ፣ የበረዶ ፋብሪካውን አጥር ተደግፎ የተደረደረው የበያጆች መንገድ በሦስት አንጃ የተከፈለ ነው። በሃይማኖት እንዳይመስላችሁ፤ ሁሉም ዓርብ ዓርብ እዚያው አንዱ መስጊድ ውስጥ ነው የሚያንቀላፉት። በፖለቲካም አይደለም፤ ለፖለቲካ የሚበቃ ትንፋሽ ቢኖራቸው ኖሮ እኔም ዛሬ ሌላ ነገር በጻፍኩ። የተከፋፈሉት በቀለም ነው፤ አሉሚኒየም ሲበየድ የመበየጃው እጀታ ጫፍ ላይ በምትሰካው፣ ከእርሳስ በቀጠነችው የተንግስተን ዘንግ ቀለም።

ዘንጓ ራሷ ግራጫ ናት፤ ለዓይን ሁሉም አንድ ናቸው። ፋብሪካው ውስጧ ምን እንደተቀላቀለ ለማሳወቅ አንድ ጫፏን ይቀባታል። አረንጓዴው ምንም ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ተንግስተን ነው። ቀዩ ቶሪየም የሚሉት ነገር ጣል ተደርጎበታል። ወርቃማው ደግሞ ላንታነም የሚሉት። ጤነኛ ሰው ይህን ሲሰማ ለየትኛው ሥራ የትኛው ይሻላል ብሎ ይጠይቃል። የእኛ መንገድ ግን መስመር ያዘ። ሽማግሌዎቹ አረንጓዴውን አነገቡ፤ ጫፉ ቀልጦ እንደ እንባ ካልደበለበለ አሉሚኒየም አልተበየደም የሚል መፈክር አላቸው፤ እንደ ጎሽ የሚያጓራው አሮጌ ማሽናቸው በሌላው ዓለም ሙዚየም መግባቱን የነገራቸው የለም። ሊቢያ ሄደው የነዳጅ ቧንቧ ሲበይዱ ኖረው የተመለሱት ቀዩን ይዘው መጡ፤ ብረት ላይ ያኮራቸውን አሉሚኒየም ላይም ካላኮራን ብለው ድርቅ አሉ። ወጣቶቹ ከስልካቸው ያዩትን ወርቃማ ይዘው ሁለቱንም ኋላ ቀር አሏቸው። እያንዳንዱ አንጃ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሌላውን በክህደት ይከሳል፤ ዘንግ ሲያልቅበት ደግሞ በጓሮ በር ከዚያው ከሃዲ ይዋሳል።

ኡስታ ጀሉል፣ እኛ ባለሙያን ኡስታ ነው የምንለው፣ ከአንዱም ወገን አልነበረም። እንዲህ ያለውን ሰው በየግድግዳው ሥር የሚበተን ወረቀት ሁሉ መሃል ሰፋሪ ይለዋል፤ መሃል ሰፋሪ ደግሞ ከጠላት እንደሚብስ በዚያው ወረቀት ላይ በደማቅ ቀለም ይጻፋል። የጀሉል ነገር ግን ፍርሃትም ስንፍናም አልነበረም። በሽታ ነበር፤ "ለምን" የምትባል በሽታ።

የሰርዲን አጥማጅ ልጅ ሆኖ ባሕር ላይ ወጥቶ ያላስመለሰበት ቀን የለም። አባቱ ተስፋ ሲቆርጥበት ኡስታ ህሚዳ ለሚባል የአረንጓዴ መስመር አንጋፋ ሰጠው። ህሚዳ ጥሩ በያጅ፣ መጥፎ አስተማሪ ነበር። "ለምን ይደበለብላል?" ሲለው "ስለሚደበለብል" ይለዋል። "ቀዩስ ለምን አይደበለብልም?" ሲለው እጁ ላይ ያለውን ዕቃ ይወረውርበታል። ጀሉል ሲወረወርበት ጎንበስ ይልና፣ ዕቃው ካለፈ በኋላ ቀና ብሎ ያችኑ ጥያቄ ይደግማል። ህሚዳ ሞተ፤ ጥያቄው ቀረ።

የራሱን ሱቅ ከከፈተ ወዲህ በሽታው ጸናበት። መዲና በምንለው አሮጌው ከተማ ውስጥ አንድ ወርቅ ሠሪ ሱቁን ሲዘጋ ጀሉል ሄዶ ዓይን ላይ የምትጣበቀውን ማጉያ ገዛ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ስፌት በበየደ ቁጥር ማስኩን ያነሳል፣ ዘንጉን ከእጀታው ይመዝዛል፣ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ይሰካል፣ ጫፉን ያያል። የጀልባ ባለቤት ቆሞ ይጠብቃል። ዓሣው ፀሐይ ላይ ይጠብቃል።

"ኡስታ፣ የነዳጅ ጋኑን ጨርስልኝ እንጂ።"

"ቆይማ፣ ኮፍያ አበጅቷል።"

"ማነው ኮፍያ ያበጀው?"

"ወርቃማው። ትናንት ባዶ ራሱን ነበር።"

ሚስቱ በሕይወት ሳለች ሰውየውን ያገባችው እሷ፣ የሚያፈጥበት ግን ዘንጉ ላይ መሆኑን ለጎረቤት ሁሉ ትናገር ነበር። ከሞተች በኋላ ቤቱን የያዘችው ልጁ ሱንዱስ ናት። በዚህ በበጋ ሱንዱስ ልታገባ ነው። ሙሽራው ሰይፈዲን ሰርዲን ጀልባ ላይ ይሠራል፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ለምንም አያስፈልግም፣ እንደ ሙሽራ ሁሉ። የምታስፈልገው እናቱ ናት።

ለላ ዙበይዳ፣ ለላ እንደ እትዬ ያለ የአክብሮት ቃል ነው፣ የሰፈራችንን ሰርግ ሁሉ የምታበስል ሴት ናት። ከሁሉ በላይ የድስቱ ጠባቂ ናት። ይህ ድስት ተራ ድስት አይደለም፤ ሰፈሩ አዋጥቶ የገዛው፣ ሕፃን ቢገባበት የሚጠፋበት፣ ወፍራም የአሉሚኒየም ድስት ነው። ኩስኩሱ በላዩ በወንፊቱ ሲታጠን መረቁ ከሥር የሚፈላው እሱ ውስጥ ነው። የሰፈሩ ሙሽሮች ሁሉ የሰርግ ኩስኩስ ከዚህ ድስት ወጥቷል። ከአዳራሽ በተከራየ ድስት የተዳረች አንዲት ልጅ ብቻ አለች፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታ እንኳ "ያቺ የኪራይ ድስቷ" ነው የምትባለው። መቼም ለጭቆና ጨቋኝ መደብ ብቻ የሚያስፈልግ የሚመስለው ሰው የእኛን ሰፈር ሴቶች አያውቅም።

ይህን ድስት ባለፈው ሰርግ ሁለት ጎረምሶች ከመኪና ሲያወርዱ ለቀቁት። ታችኛው ጎኑ ተሰነጠቀ። ዙበይዳ ለጀሉል ሰጠችው፤ ጀሉል በየደው፤ ሥራው አማረ። ሰርጉ ዓርብ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

ሰላሙን ያፈረሰው የዙበይዳ ታናሽ ወንድም ሲ ለዝሀር ነው፤ ሲ ማለት አቶ ነው። ሲ ለዝሀር ሊሴው ውስጥ፣ ማለትም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ ኬሚስትሪ ያስተምራል። በሕይወቱ አንድም ዓረፍተ ነገር ሳይቋረጥ ጨርሶ አያውቅም፤ ተማሪዎቹ ያቋርጡታል፣ ቤት ሲገባ ደግሞ እህቱ። እራት ላይ ስለ ድስቱ ሲወራ፣ ቀይ ቀለም ያለው ዘንግ ውስጥ ያለው ቶሪየም ጨረር እንዳለው ተናገረ። "ግን" ብሎ ሊቀጥል ሲል ዙበይዳ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ በር ላይ ቆመች፤ ወንድሟን ከኋላዋ አስከትላ።

"ጀሉል፣ ድስቴን በምን በየድከው?"

"በአርጎን ጋዝ ነዋ፣ ለላ ዙበይዳ። ደህና አደሩ?"

"አርጎንህን አልጠየቅሁህም፣ አላደርኩምም። ዘንጉ ምን ቀለም ነበር?"

ጀሉል ዞሮ መደርደሪያው ላይ ያለችውን የሃሪሳ ድልህ ቆርቆሮ አየ። ቆርቆሮዋ ውስጥ ዘንጎች እንደ ክብሪት እንጨት ተሰክተዋል።

"ቀለም አልነበረውም" አለ።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ፤ ይህን ጥፋት በዓለም ላይ በያጅ ብቻ ነው የሚያጠፋው፣ ከበያጅም የእኛ መንገድ በያጅ። ዘንግ ውድ ነው። ስለዚህ ሁለት ሱቅ አንድ ዘንግ ይገዛና በፒንሳ ለሁለት ይሰብረዋል። ባለቀለሙ ግማሽ ለገዛው፣ ቀለም የሌለው ግማሽ ለተጋሪው። ቀለም የሌለውን የቲም ይሉታል። የቲሞቹ በየቆርቆሮው ይከማቻሉ፣ ካንዱ ሱቅ ወዳንዱ ይዞራሉ፣ ከሦስቱም አንጃ ተወልደው የማንም ሳይሆኑ ይቀራሉ። ለአንጃው ክብር ደም የሚተፉት ጓዶች ቸኩለው ሲበይዱ የሚያነሱት የመጀመሪያውን የቲም ነው። ጀሉልም ያነሳው እሱን ነው፤ ሲጨርስም ማየት ያለበትን አይቶ፣ ጫፉን መልሶ ስሎ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለው፤ ቀኑን ሙሉ ጫፍ የሚያይ ሰው ደግሞ የትኛው ምን እንደመሰለ አያስታውስም።

ዙበይዳ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ ቆርቆሮዋን አንስታ ውስጧን አየች።

"እኔ" አለች፣ "ልጅህን ለልጄ ስጠይቅ ዘሯን እስከ ቅድመ አያቷ አጥንቼ ነው። አንተ የሰርግ ድስቴን አባቱ በማይታወቅ ዘንግ ትበይድልኛለህ?"

"ሥራው ጥሩ ነው። እዩት፣ ስፌቱ—"

"ስፌቱን አላበላም። ቀይ ከሆነ እዚያ ድስት ውስጥ አንድ ካሮት አልከትም። ቀይ ካልሆነም ቀይ አለመሆኑን አሳየኝ። እንዲያው 'አይደለም' እንዳትለኝ፤ አሳየኝ። አለዚያ ሰርጉ አዲስ ድስት ተዋጥቶ እስኪገዛ ይቆያል፤ መዋጮው ደግሞ መቼ እንደሚሞላ ሰፈሩን ታውቀዋለህ። በኪራይ ድስት ልጄን አልድርም።"

"እታለም፣ ግን መጠኑ—" አለ ሲ ለዝሀር።

"አንተ ዝም በል። በቂ ተናግረሃል።"

የመንገዱ ሰው ወዲያው ተሰበሰበ። ሃቲም የሚባለው የቀዮቹ ሊቀ መንበር፣ ሊቢያ ከርሞ የመጣ ደረተ ሰፊ፣ ሞረድ እንደያዘ መጣ። "ቀይ ቢሆንስ ምን ይሆናል? ስስለው ኖሬ ይኸው ቆሜ እሄዳለሁ" አለና ሳል አጣደፈው። ሽማግሌዎቹ፣ አረንጓዴ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር አሉ። ወጣቶቹ ስልካቸውን አወጡ። አንድም ሰው ድስቱን ለማየት ጎንበስ አላለም። መስመር ያለው ሰው ማየት አያስፈልገውም።

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ሱንዱስ ምሳ ይዛ መጣች፤ ትኩስ ብሪክ፣ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የተጠበሰ፣ እንቁላሉ ገና የሚንቀጠቀጥ። ወሬው ቀድሟት ቤት ደርሷል።

"አባዬ፣ ወርቃማ ነበር በላትና ይለቅ።"

"ባይሆንስ?"

"ባይሆንስ ማን ያውቃል?"

"እኮ፣ እኔም ማወቅ የምፈልገው እሱን ነው።"

ሱንዱስ አባቷን አየችው። ሰዎች በኋላ ይህን ሲያወሩ ጀሉልን እውነተኛ፣ ሐቀኛ፣ ምን ምን አደረጉት። ውሸት ነው። ብሪኩን በግራ እጁ ይዞ እንቁላሉ ክንዱ ላይ እየፈሰሰ፣ በቀኝ እጁ ቆርቆሮዋን እያራገፈ ነበር። ስለ ሐቅ አንድም ሐሳብ አልነበረውም። ሴትዮዋ መልካም ጥያቄ ጠይቃው ነበር፤ ያ ብቻ ነው።

"ባይሳካ ስንት ወር እንደምጠብቅ አስበሃል?" አለች ሱንዱስ። "ቀሚሴ ተሰፍቶ አልቋል። ሰይፈዲን መስከረም ላይ ወደ ሩቅ ባሕር ይወጣል።"

"አስቤአለሁ" አለ ጀሉል። አላሰበም። ከዚያ ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኗ ሞልቷል፤ ያን ጊዜ አሰበ፤ ብሪኩንም አስቀመጠ። "ልጄ፣ ዋሽቻት ድስቱ ቢፈላ፣ አንቺ ከእሷ ጋር አንድ ቤት ልትኖሪ ነው። እሷን የምታውቂያት አይመስለኝም። ስትጠይቅ ትኖራለች።"

ይህ ክርክር ሱንዱስን ረታት። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ቀጭኖቹን ተያቸው" አለ ጀሉል ጠረጴዛው ላይ እየለየ። "ድስቱ ወፍራም ነው፤ በቀጭን አይሞከርም። ወፋፍራሞቹ እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ነው።"

"ይሄኛው ለምን ጠቆረ?"

ጀሉል ዘንጓን ከእጇ ተቀበለና ለብርሃን አሳያት። ከጫፏ ወዲህ ያለው አካሏ በጥቁር ጥላሸት ተለብጧል። ሌሎቹ ንጹሕ ናቸው። በያጅ የነዳጅ ጋን ሲበይድ እንዲህ አይጠቁርበትም። እንዲህ የሚጠቁረው አሉሚኒየሙ ቅባት ሲጠጣ ኖሮ፣ እሳት ሲያገኘው የጠጣውን ሲመልስ ነው።

ዙበይዳ ከሰዓት በኋላ የራሷን ወንበር አሸክማ ተመለሰች። ጀሉል ጥቁሩን ዘንግ ሰጣት። በጣቷ ጠረገችው፣ ጣቷን አሸተተች፣ እንደገና አሸተተች።

"የበግ ጮማ ነው" አለች። "ይሄ የኔ ድስት ነው።"

ከዚያ ሁሉ እሳት በኋላ በግ ይሸታል አይሸትም፣ እኔ አልፈርድም። መንገዱ ሁሉ ግን ራሱን ነቀነቀ፤ በዚህ ጉዳይ ከእሷ በላይ ሥልጣን ያለው የለም።

"እሺ፣ ድስቱን የበየደው እሱ ነው። ማን መሆኑን ግን በምን ታውቃለህ?"

"እንዲቃጠል አደርገዋለሁ" አለ ጀሉል። "ሲቃጠል ፊቱን ያወጣል።"

ቁራጭ አሉሚኒየም ጠረጴዛው ላይ አደረገ። ለማነጻጸር ንጹሖቹን አስቀደመ። የመጀመሪያው ለመለኮስ አስቸገረ፤ ተፍ ተፍ አለና ያዘ፤ ማስኩን አንስቶ ሲያሳያቸው ጫፉ እንደ ብርጭቆ ዶቃ ደብልቧል። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ፤ አረንጓዴ ነው። ሁለተኛው ወዲያው ተለኮሰ፤ ቀጥ ብሎ ነደደ፤ ሲያወጣው ሹልነቱን እንደያዘ ጫፉ ላይ ብቻ ትንሽ ቆብ ደፍቷል። ወጣቶቹ ፉጨት አሰሙ፤ ወርቃማ ነው። ከዚያ ጥቁሩን ሰካ።

ዙበይዳ ወንበሯን ወደፊት ሳበች። ሱንዱስ እጆቿን ጭኖቿ መሃል ቀበረች።

እሳቱ ተለኮሰ፤ ግን አልረጋም፤ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ እያለ በአሉሚኒየሙ ላይ ይንከራተታል። ጀሉል አጠፋው። ማስኩን አነሳ፣ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰካ፣ ጎንበስ አለ። ጫፉ አልደበለበለም፣ ቆብም አልደፋም። ተሰነጣጥቆ፣ ኪንታሮት እንዳወጣ ጣት በትናንሽ ጉብታ ተሞልቷል።

ፊቱ በራ። እንዲህ ያለ ደስታ ያየሁት ከእስር በተፈታ ሰው ላይ ነው።

"ቀይ ነው" አለ።

የተናገረው ቀጠሮ የተቆረጠለት የሰርግ ዜና ይመስል ነበር። ሱንዱስ ፊቷን ሸፈነች። ሃቲም እንኳ፣ አንጃው በይፋ መታወቁ ሊያኮራው ሲገባ፣ መሬት መሬት አየ።

"ደስ ብሎህ ነው የምትነግረኝ?" አለች ዙበይዳ።

"ማወቁ ነው ደስ ያለኝ፣ ለላ ዙበይዳ። ሌላውማ ምኑ ያስደስታል።" አሁን ገና የተናገረው ገባውና ማጉያውን ከዓይኑ አወረደ። ልጁን አየ። "ጥፋቱ የኔ ነው። የሱንዱስ አይደለም።"

ዙበይዳ ተነስታ ትሄዳለች ብለን ጠበቅን። አልሄደችም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ያችን ኪንታሮታም ጫፍ ታያለች።

"እነዚህ ጉብታዎች" አለች፣ "ይወድቃሉ?"

"አንዳንዴ ይረግፋሉ።"

"ሲረግፉ የት ይሄዳሉ?"

"ወደ ቀለጠው ብረት ውስጥ።"

"ስለዚህ ድስቴ ውስጥ ገብተዋል ወይ?"

ዕድሜውን ሁሉ "ለምን" ሲጠይቅ የኖረ ሰው፣ ሰው ሲጠይቀው ምን እንደሚመስል ያወቀው ያን ጊዜ ነው። "አላውቅም" አለ። "ካልቆረጥነው አይታወቅም።"

"እታለም" አለ ሲ ለዝሀር ከኋላ፣ "ቢገባም ቅንጣት ናት። ውሃም መረቅም አያሟሟትም። ድስቱ ማንንም አይገድልም።"

ዙበይዳ ዞረች። "ታዲያ ትናንት ማታ እራቴን ለምን ነሳኸኝ?"

"ልጨርስ ስል መቼ አስጨረስሽኝ? 'ግን' ብዬ ነበር እኮ።"

"ጨርስ እንግዲህ። ግን ምን?"

ሰውየው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥታ ተሰጠው፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ መነጽሩን አስተካከለ። ያለ አቋራጭ መናገር አልለመደም፤ ቃል ጠፋበት። በመጨረሻ ጣቱን ወደ ግድግዳው፣ ዘንግ ወደሚሳልበት ክብ ድንጋይ ጠቆመ።

"የሚያስፈራው ያ ነው። ሲሳል የሚበነው አቧራ። ወደ ሳንባ ሲገባ።"

ሁሉም ዞሮ አየ። ከድንጋዩ ሥር ያለው ጠረጴዛ ግራጫ ዱቄት ለብሷል። ግድግዳው ግራጫ ነው። ከዚያ ዓይን ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ ጀሉል ጺም ሄደ፤ ጺሙም ግራጫ ነው፤ በዕድሜ ነው ብለን ነበር ስናስብ የኖርነው። ሃቲም ሊስል ያለውን ሳል ዋጠው። ለዓመታት ስለ ቀለም ሲጮኽ የኖረ መንገድ፣ ያንን ቀለም ስሎ ሲተነፍስ መኖሩን ለመስማት የኬሚስትሪ አስተማሪ "ግን" እስኪጨርስ መጠበቅ ነበረበት።

"የልጅ አባት እንዲህ ነው የሚኮነው?" አለች ዙበይዳ ለጀሉል፤ ቁጣዋ ግን ሌላ ዓይነት ሆኗል። "ሳንባህን ለዘንግ ሸጠህ ለልጅ ልጆቻችን ማን አያት ሊሆናቸው ነው?" ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች። "ቆርጠህ አውጣው። ሙሉውን ስፌት። እኔም ቁጭ ብዬ አያለሁ።"

ድስቱ መጣ። ሲ ለዝሀር ከትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ የአቧራ መከላከያ ጭምብል ይዞ እስኪመለስ ድረስ ዙበይዳ አልጠበቀችም፤ ድስቱና ወንፊቱ በሚጋጠሙበት ላይ እንፋሎት እንዳያመልጥ የምትጠመጥመውን ረጅም ጨርቅ ውሃ ነክራ የጀሉልን አፍንጫና አፍ ጠፈረችው። ጭምብሉ ሲመጣ በላዩ ደረበችበት። ሰውየው ሊታጠን የተዘጋጀ ኩስኩስ መሰለ። ማንም አልሳቀም፤ ማለትም ፊት ለፊት።

በሞተር የሚሽከረከረውን ሞረድ ስፌቱ ላይ አሳረፈ። አሉሚኒየሙ እንደ ቅቤ እየተፋቀ ሄደ፤ መሃሉ ላይ ሲደርስ ሞረዱ ተንሸራተተ። ጀሉል አቆመ። ማጉያውን አወጣ። አየና ለዙበይዳ አቀበላት። እሷም ዓይኗ ላይ ሰካችው፤ ሁለት ጊዜ ወደቀባት፤ ከዚያ ያዘላት።

"ይቺ ነጭ ነጥብ ናት?"

"እሷው ናት።"

"ከኮከብ ታንሳለች።"

"ትርቃለች እንጂ ኮከብስ ትልቅ ናት።"

"እስቲ እዚህ ጋ፣ ከጎኗ ሌላ አለች?"

"የታለች?"

ሁለቱ ጭንቅላታቸውን ድስቱ ውስጥ ከተው፣ አንዱ ማጉያውን ከሌላው እየነጠቀ፣ ቅንጣት ሲፈልጉ ጊዜው ሄደ። ሲ ለዝሀርም ተራ ጠየቀ፤ አልተሰጠውም።

"ሰርጌ ዓርብ ነው" አለች ሱንዱስ ከኋላቸው።

ስፌቱ በሙሉ ተፍቆ ሲወጣ ዙበይዳ ራሷ ወደ ወጣቶቹ ሱቅ ሄዳ ወርቃማ ዘንግ ተቀበለች፤ ሙሉ፣ ያልተሰበረ። ባለቀለም ጫፏን ወደ ላይ አድርጋ፣ ሥጋ ሻጭ ፊት እንደቆመች ሁሉ ለፀሐይ አገላበጠቻት። ጀሉል ሌላኛውን ጫፍ ሳለ፣ አናቱን ትንሽ ዱልዱም አደረገ፣ እጀታው ላይ ሰካ። ድስቱን በጋዝ እሳት አሞቀው፤ ብረቱ የጠጣውን ጮማ ማላብ ጀመረ፤ ጠረገው፣ እንደገና አሞቀው፣ እንደገና ጠረገው፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተገው። ዙበይዳ የአንዱን ወጣት ማስክ ከራሱ ላይ አውልቃ አጠለቀች።

እሳቱ ተለኮሰ። እኛ ፊታችንን አዞርን። እሷ በማስኩ ውስጥ ያየችውን እየጮኸች ነገረችን።

"ላዩ ላይ ስልባቦት አለው። እንደ ወተት። ኧረ ስልባቦቱ እየሸሸ ነው። ከሥሩ መስታወት ወጣ። ጀሉል፣ ስልባቦቱ ለምን ይሸሻል?"

ጀሉል እሳቱን አጠፋ። ሥራ መሃል እሳት ማጥፋት አያውቅም። ማስኩን አነሳ። እዚያ መንገድ ላይ ከእሱ በቀር ያንን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ጠያቂዋም ድስት ጠባቂ፣ የልጁ አማት ሆነች።

"ኤሌክትሪኩ ይሄዳል፣ ይመለሳል" አለ፤ በጨርቁና በጭምብሉ ውስጥ ድምጹ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ነበር። "ሲሄድ ያቀልጣል፣ ሲመለስ ስልባቦቱን ይገፋል። የስልባቦቱ መቅለጫ ከብረቱ እጅግ የራቀ ነው፤ ካልገፉት ከሥሩ ያለው ውሃ ሆኖ ላዩ ቆዳ እንደሆነ ይቀራል። ሲመለስ ግን ዘንጉ ራሱ ይጋላል። አረንጓዴው ይቀልጥና ይደበለብላል። ቀዩ ይሰነጠቃል። ይሄኛው ይችለዋል።"

"ለምን ይችለዋል?"

"እሱን አላውቅም" አለ። ዓይኑ ግን ይስቅ ነበር።

"እንግዲያው ቀጥል። ሌላ ቀን እንጠይቃለን።"

"ሌላ ቀን እንጠይቃለን" የምትለዋን ቃል ሱንዱስ ሰማቻት። ሌላ ቀን የሚጠይቅ ሰው ዝምድናውን አልቆረጠም፤ ትከሻዋ ረገብ አለ።

ቀጠለ። መሙያውን ሽቦ እየነካ፣ እያነሳ፣ ኩሬውን እየገፋ እስከ ስንጥቁ መጨረሻ ሄደ። ሲጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘንጉን ጫፍ አላየም፤ ዙበይዳ ቀድማ ነጥቃ ማጉያውን ሰክታ ነበርና። "ቆብ ደፍቷል" አለች።

ዓርብ ጠዋት ሴቶቹ ግቢዋ ውስጥ ካሮትና ሽንብራ፣ በርበሬና ጎመን ደርድረው ቆመው ጠበቁ። ዓሣው፣ ትልቅ መናኒ፣ በረዶ ላይ ተጋድሟል። አንድም ነገር ድስት ውስጥ አልገባም። ዙበይዳ ድስቱን ውሃ ብቻ ሞልታ ከሥሩ እሳት አነደደች። ሦስቱም አንጃ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ ያያል፤ እያንዳንዱ ቢያንጠባጥብ ማንን እንደሚከስ አስቀድሞ ወስኗል። ሱንዱስ እጇ በሒና እንደተጠቀለለ በሩ ላይ ቆማለች። ጀሉል ጥግ ይዞ ተቀምጧል፤ ጺሙ ታጥቦ ከግራጫነቱ ግማሹን አጥቷል።

ውሃው ፈላ። እንፋሎቱ ወጣ። ዙበይዳ በጉልበቷ ተንበረከከች፣ ጉንጯን መሬት ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርጋ ስፌቱን ከሥር አየች። እሳቱ ቅንድቧን እየለበለባት እንዲያው አየች። አንድ ጠብታ አልወረደም። ነጭ ጨርቅ በማንኪያ ጫፍ ጠቅልላ ስፌቱን ከዳር እስከ ዳር ጠረገችው፤ ጨርቁን አወጣችና ዳበሰችው።

ደረቅ ነው።

ተነሳች። ጉልበቷን አራገፈች። ጀሉልን አየችው፣ ከዚያ ሱንዱስን፣ ከዚያ አጥር ላይ የተሰቀለውን ሕዝብ በንቀት አየችው።

"ምን ትገተራላችሁ" አለች ለሴቶቹ፣ "ጨው አቀብሉኝ።"